ቫር ይቅር ወይስ ይስተካከል? የቪዲዮ ዳኝነት እግር ኳሱን ጠቅሞታል ትላላችሁ?

ግራ ክንፍ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን የማነሳው ከጨዋታ በኋላ ስለ ጨዋታው ማውራት ትተን ስለ ቫር ስንጨቃጨቅ ስለምናመሽ ነው። የቪዲዮ ዳኝነት እግር ኳሱን ጠቀመው ወይስ ጎዳው? ቢቀር ይሻላል የምትሉ ካላችሁስ በምን ይተካ?

ቫር ከመምጣቱ በፊት የነበረው በደል አልጠፋኝም። በ2009 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ) ቲየሪ ሄንሪ ኳሷን በእጁ አስተካክሎ ለጋላስ አቀበለ፣ ጋላስ አገባ፣ ፈረንሳይ ወደ ዓለም ዋንጫ አለፈች፣ አየርላንድ ቀረች። እዚያው 2010 ዓለም ዋንጫ ላይ የፍራንክ ላምፓርድ ኳስ አግዳሚውን መትታ መስመሩን በግልጽ ካለፈች በኋላ ተመልሳ ወጣች። እንግሊዝ በጀርመን 2 ለ 1 እየተመራች ነበር፣ ጎሉ ቢጸድቅ 2 ለ 2 ነው። አልጸደቀም፣ ጨዋታው 4 ለ 1 አለቀ።

አሁን ካሜራው አለ። ግን በ2023 የቶተንሃምና የሊቨርፑል ጨዋታ ላይ የሆነውን አይታችኋል። ሉዊስ ዲያዝ አገባ፣ ረዳት ዳኛው ኦፍሳይድ (ኳሷ ስትላክለት ከተከላካዮቹ አልፎ ነበር) ብሎ ባንዲራ አነሳ፣ የቫር ክፍሉ ደግሞ ጎሉ ሜዳ ላይ የጸደቀ መስሎት «ምርመራው አልቋል» አለ። ኦፍሳይድ እንዳልነበረ ምስሉ ያሳያል፣ እነሱም አይተውታል። ጨዋታው ግን ቀጠለ፣ ጎሉም ቀረ። ይሄ ሁሉ መሣሪያ እያለ እንዲህ ከሆነ እኛ ደጋፊዎች ምን እንመን?

ቁጥር አራት፦

መቅረት የለበትም። ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀውብናል፣ ክርክሩ የማያልቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

አንዳንዱ ውሳኔ ቁርጥ ያለ መልስ አለው። ኳሷ መስመር አልፋለች ወይስ አላለፈችም? ጥፋቱ ሳጥን ውስጥ ነው ወይስ ውጪ? ቀይ ካርዱ የተሰጠው ለጥፋተኛው ነው ወይስ ለሌላ ሰው? እዚህ ላይ ካሜራ ከዓይን ይበልጣል። የጎል መስመር ቴክኖሎጂን ተመልከቱ። ከላምፓርድ ኳስ በኋላ የያኔው የፊፋ ፕሬዚዳንት ሴፕ ብላተር ራሱ ይቅርታ ጠይቆ አቋሙን ቀየረ፣ በ2012 ጸደቀ፣ በ2014 ዓለም ዋንጫ ሥራ ላይ ዋለ። ምልክቱ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ዳኛው እጅ ሰዓት ላይ ይደርሳል። ዛሬ በሱ የሚጨቃጨቅ ሰው ብዙም የለም።

በ2022 ጃፓን ከስፔን ሲጫወቱ የጃፓኑ ሚቶማ ከመጨረሻው መስመር ላይ አትርፎ ያሻገራትና ጎል የሆነችው ኳስ ትዝ ትላችኋለች? ከጎን ሲታይ ወጥታለች ያላለ ሰው አላጋጠመኝም። ከላይ ሲታይ ግን የኳሷ ጠርዝ ገና መስመሩ ላይ ነበር። ቫር አይቶ ጎል ነው አለ፣ ጃፓን 2 ለ 1 አሸንፋ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰች፣ ጀርመን ወደ አገሯ ተመለሰች። ያንን በዓይኑ ብቻ አይቶ በትክክል የሚፈርድ ረዳት ዳኛ የለም።

ችግሩ ያለው ሁለተኛው ዓይነት ላይ ነው። እጁን አውቆ ነው የዘረጋው? ንክኪው ሰው ለመጣል ይበቃል? በ2018 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የክሮኤሺያው ፔሪሲች ኳሷን በእጁ ነክቷል ተብሎ የተሰጠውን ፍጹም ቅጣት ምት አስቡት። ዳኛው ፒታና ስክሪኑ ጋ ሄዶ አይቶ ነው የወሰነው፣ ሆኖም ግማሹ ሰው እስከ ዛሬ አይገባም ነበር ይላል። ምስሉ ለሁላችንም አንድ ነው፣ የምንፈርደው ግን የየራሳችንን ነው።

ፊሽካ፦

እኔ በትርፍ ሰዓቴ ዝቅተኛ ሊግ ላይ አጫውታለሁ። ካሜራ የለንም። ስለዚህ ነገሩን ከዳኛው ወገን ልንገራችሁ።

ጥፋቱን የምታየው አንዴ ነው፣ እየሮጥክ፣ ከአንድ አቅጣጫ፣ ብዙ ጊዜም ሌላ ተጫዋች ፊትህን አቋርጦህ። ከዚያ ቤቱ ተቀምጦ ከአምስት አቅጣጫ ያየው ሰው «እንዴት አላየህም» ይልሃል። ስለዚህ እርዳታ ቢመጣ የሚጠላ ዳኛ ያለ አይመስለኝም። እርዳታው ግን ዳኛውን እንዳያፈዘው እፈራለሁ። ከኋላው ሰው እንዳለ ሲያውቅ «እነሱ ይዩት» የሚል ነገር ይመጣል። ደንቡ እኮ ይሄን አይፈቅድም፣ ዳኛው መጀመሪያ የራሱን ውሳኔ መስጠት አለበት ይላል፣ ቫር የሚገባውም በጎል፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በቀጥታ ቀይ ካርድና ካርድ ለተሳሳተ ሰው ሲሰጥ ነው ተብሎ ነው የተጀመረው፣ ያውም ስህተቱ ግልጽ ከሆነ ብቻ።

ሌላው የዝግታ ምስል ነው። ማንኛውንም ታክል በዝግታ ብታዩት ጭካኔ ይመስላል። ጫማው ቁርጭምጭሚት ላይ ሲያርፍ ምስሉን አቁሞ ለዳኛው ማሳየት ማለት ፍርዱን ሰጥቶ መጥራት ነው። ደንቡ ዝግታውን ለንክኪ ቦታና ለመሳሰለው ተጠቀሙ፣ የጥፋቱን ክብደት ግን በመደበኛ ፍጥነት እዩ ይላል። በየስታዲየሙ ይሄ በትክክል ቢከበር ግማሹ ንዴታችን ይበርድ ነበር።

ግራ ክንፍ፣ የዲያዝን ጎል ለምን አልመለሱትም ላልከው፦ ጨዋታው እንደገና ከተጀመረ ጎልን ወደ ኋላ ሄዶ መለወጥ አይቻልም። ሕጉ ነው የያዛቸው። እዚያ ላይ ኮምፒውተሩም መስመሩም ልክ ነበሩ፣ የተሳሳተው በሰዎቹ መካከል የነበረው ንግግር ነው። «ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ምንድን ነው?» ብሎ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

ቆሞ ደጋፊ፦

ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ትክክለኛነት ነው። ስለ ደስታው የሚያወራ የለም!

ሚያዝያ 2019፣ ማንችስተር ሲቲ ከቶተንሃም፣ የቻምፒየንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ። በባከነ ሰዓት ስተርሊንግ አገባ፣ ስታዲየሙ ተገለባበጠ፣ አሰልጣኙ በመስመሩ ዳር ሮጠ። ከዚያ ፀጥ። አጉዌሮ ኦፍሳይድ ነበር ተባለና ጎሉ ተሻረ። ውሳኔው ልክ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን ከዚያ ወዲህ እኔ ጎል ሲገባ አልዘልም። መጀመሪያ የማየው ዳኛውን ነው፣ እጁ ጆሮው ላይ ከሆነ ቁጭ እላለሁ። እግር ኳስ ከሌላው ስፖርት የሚለየው ጎል ብርቅ በመሆኑ ነው፣ ዘጠና ደቂቃ ጠብቀህ አንዴ የምትጮህባትን ቅጽበት ነው የወሰዱብን። ስንት ትክክለኛ ውሳኔ ነው ይሄን የሚክሰው?

ስዊድንን ተመልከቱ። እዚያ ክለቦቹን በአብዛኛው የሚቆጣጠሩት አባላቱ፣ ማለትም ደጋፊው ነው። በ2024 ክለቦቹ አንፈልግም ስላሉ ሊጋቸው ያለ ቫር ቀጠለ። ደጋፊው ሲጠየቅ የሚሰጠው መልስ ይሄ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በዚያው ዓመት የፕሪሚየር ሊጉ ክለብ ዎልቭስ ቫር ይቅር ብሎ ሐሳብ ቢያቀርብ 19 ለ 1 ተሸነፈ። ድምፅ የሰጡት ክለቦቹ ናቸው፣ ወንበር ላይ የሚቀመጠውን ሰው ማንም አልጠየቀውም።

ዘጠና ሲደመር፦

ቆሞ ደጋፊ፣ ስሜትህ ይገባኛል። ግን የተበደለውም ደጋፊ ነው እኮ! የአየርላንድ ደጋፊ ደስታስ?

ካሜራ ሲጠፋ ምን እንደሚመጣ የ2019 የአፍሪካ ቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ መልስ ጨዋታ አሳይቶናል። የቱኒዚያው ኤስፔራንስ ከሞሮኮው ዊዳድ፣ ቱኒዚያ ውስጥ ራደስ ላይ። ዊዳድ አቻ የምታደርገውን ጎል አገባ፣ ተሻረ። ተጫዋቾቹ ቫር ይታይልን አሉ። ቫሩ ግን አይሠራም ነበር። ዊዳዶች አንጫወትም ብለው ቆሙ፣ ከረጅም ጥበቃ በኋላ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ነገሩ ከሜዳ ወጥቶ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ሄደ። የአህጉር ዋንጫ በወረቀት ነው የተወሰነው። እኔን እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ ነው። መሣሪያውን አለ ብለህ ካወጅክ መሥራት አለበት። ካልሠራ ደግሞ ፊሽካ ሳይነፋ በፊት ለሁለቱም ቡድን በግልጽ ይነገር።

ግራ ክንፍ (ጠያቂ)፦

ፊሽካ፣ ስለ ዲያዝ ጎል አመሰግናለሁ። እንዲህ አብራርቶልኝ የሚያውቅ አልነበረም። ስለ ኦፍሳይድ አንድ ልጠይቅ። በትከሻ፣ በጫማ ጫፍ የሚሻሩት ጎሎች እውነት ያን ያህል በትክክል ይለካሉ?

ቁጥር አራት፦

እንደ ካሜራው ነው። በሰከንድ 50 ምስል የሚያነሳ ካሜራ ብትወስድ በአንዱና በሚቀጥለው ምስል መካከል 0.02 ሰከንድ አለ። በሰከንድ 10 ሜትር የሚሮጥ አጥቂ በዚያች ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ ኳሷ ከአቀባዩ እግር የለቀቀችበትን ምስል የሚመርጠው ሰው አንድ ምስል ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል ጎሉ ይጸድቃል ወይም ይሻራል። መስመሩ በስክሪን ላይ ቀጭን ሆኖ መሰመሩ የልኬቱን ስህተት አያጠፋውም። በ2022 ዓለም ዋንጫ የመጣው በከፊል አውቶማቲክ የሆነው አሠራር ግን በጣም ይሻላል። 12 ካሜራዎች ተጫዋቾቹን ይከታተላሉ፣ ኳሷ ውስጥ ያለው መሣሪያ ደግሞ በሰከንድ 500 ጊዜ መረጃ ይልካል፣ ስለዚህ የተመታችበት ቅጽበት በግምት አይመረጥም። ያ በሌለበት ሊግ ላይ ግን በእጅ በተሰመረ መስመር የጣት ጥፍር ያህል ልዩነት እየፈለጉ ጎል መሻር ፍትሕ አይመስለኝም። ያን ያህል ከተቀራረበ ሜዳ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ይጽና።

ፊሽካ፦

በዚህ እስማማለሁ። ለቆሞ ደጋፊም ሁለት ነገር ልበል። አንደኛው፣ በ2023 የሴቶች ዓለም ዋንጫ ዳኞች ስክሪኑን አይተው ሲመለሱ ውሳኔያቸውን በማይክሮፎን ለስታዲየሙ ሁሉ ይናገሩ ነበር። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቲኬት ገዝቶ የገባው ሰው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ቆሞ መጠበቁ ነው ከሁሉ የሚያበሳጨው።

ሁለተኛው አሰልጣኞች ራሳቸው የሚጠይቁበት አሠራር ነው። በ2024 ከ20 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ላይ ተሞክሯል። እያንዳንዱ ቡድን ሁለት ዕድል አለው። ይታይልኝ ካለና ልክ ከሆነ ዕድሉ አይቀነስበትም፣ ካልሆነ አንዱን ያጣል። ተለይቶ የተቀመጠ የቫር ክፍል የለም፣ ዳኛው ራሱ ምስሉን አይቶ ይወስናል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ብዙ ካሜራ የሌለው ሊግም ይችለዋል። ጨዋታው ደግሞ በየደቂቃው ሳይሆን አንድ ወገን በእውነት ተበደልኩ ሲል ብቻ ነው የሚቆመው።

ቆሞ ደጋፊ፦

ይሄኛው ከሆነ ልቀበለው እችላለሁ። ቢያንስ ጎሌን ያስቆመብኝ ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አሰልጣኞች ሰዓት ለመግደል አይጠቀሙበትም?

ቁጥር አራት፦

ሁለት ዕድል ብቻ ስላለ ብዙም አያዋጣቸውም፣ በከንቱ ያቃጠለ አሰልጣኝ 88ኛው ደቂቃ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል። የኔ ጥርጣሬ ሌላ ነው። ከሜዳው ዳር የቆመ አሰልጣኝ ሳጥን ውስጥ ያለውን ንክኪ በደንብ አያይም። እኔ ብሆን ጥያቄውን የማንሳት መብት ለአምበሉ እሰጥ ነበር፣ በተለይ ለበረኛና ለመሀል ተከላካይ አምበል፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሲሠራ አጠገቡ የነበረው እሱ ነው።