የጋራ ፌርማታው ረቂቅ፦ ሐሙስ ይገባል፣ አስተያየት ቶሎ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ ተለጥፏል። እዚህ ባሕር ዳር የዘንዘልማና የፖሊ መስመር የሚተላለፉበት ቦታ ላይ አንድ የጋራ መለዋወጫ ፌርማታ ይሠራልን ነው የምንለው። ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ ለሁለቱም መስመር አንድ ተራ። ትናንት በዝናብ አንዲት እናት ልጅ አዝላ ከኛ ባጃጅ ወርዳ አስፋልት ስታቋርጥ አየሁ። ነጠላዋን ልጁ ላይ ጥላ ትሮጣለች። ስትደርስ ያኛው ሞልቶ ወጣ። 500 ብር መዋጮ ያልከፈላችሁ አስገቡ።

ባለ ሚኒባስ፦ ያለፈው ደብዳቤ «አሳማኝ አይደለም» ተብሎ ነው የተመለሰው። አሁን ምን አዲስ ነገር አለ?

ጸሐፊ፦ የአዲስ አበባን ባቡር አስገብቻለሁ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደውና ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚወርደው መስመር ከስታዲየም እስከ ልደታ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ሜክሲኮ ትወርዳለህ፣ እዚያው ጣቢያ ሌላውን ትጠብቃለህ። በ2008 ሥራ ሲጀምር ጀምሮ እንዲህ ነው። ባቡር የለንም፣ ሐሳቡ ግን ለባጃጅም ይሠራል።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ ሁሉም ጥሩ ነው። «መለዋወጫ» የሚለው ግን ይውጣ። መለዋወጫ ዕቃ ነው። ታፔላ ላይ ጽፈን ብንሰቅለው ካንዴላ የሚፈልግ ሰው ነው የሚመጣብን።

የፖሊ መስመር ሾፌር፦ ጣሪያና ወንበር እያየ ማን ካንዴላ ይጠይቃል? እንለፈው።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ አናልፈውም። በማኅበሩ ስም ነው የሚሰቀለው።

ገንዘብ ያዥ፦ «መገናኛ» በሉትና ይለቅ።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ መገናኛ የአዲስ አበባ ሰፈር ነው እኮ! ባሕር ዳር የራሷ ስም ጠፍቶባት ነው የምንዋሰው?

ባለ ሚኒባስ፦ «መሸጋገሪያ»ስ?

የፖሊ መስመር ሾፌር፦ እሱ ድልድይ ይመስላል። 380 ሜትር አዲስ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመርቆልናል። ሰው ዓባይ ላይ ነው ብሎ እዚያ ይሄዳል።

ካይሮ የሠራው አባል፦ ስሙን ለአፍታ ተዉትና አንድ ነገር ስሙኝ። ካይሮ ሜትሮ ላይ አንደኛውና ሁለተኛው መስመር ሁለት ቦታ ይገናኛሉ፤ ሳዳትና ሹሀዳ። ሳዳት ከነሐሴ 2005 እስከ ሰኔ 2007 ተዘግቶ ነበር። መስመር የሚቀይረው ሰው ሁሉ ሹሀዳ ላይ ወደቀ። ደረጃው ላይ ሰው በሰው ነበር፣ ባቡር መጥቶ ሳትገባ ያልፍሃል። እኛም ሁለት ቦታ እንጠይቅ። ጊዮርጊስ በዓል ሲሆን መንገዱ ሲዘጋ አንዱ ብቻ ከሆነ ምን እናደርጋለን?

ገንዘብ ያዥ፦ ለአንዱም ብር አልሞላም።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ ስሙን ጨርሱ መጀመሪያ።

የፖሊ መስመር ሾፌር፦ መዋጮ ሳትከፍል ስም አውጪ ሆንክ?

የዘንዘልማ ተወካይ፦ ማን ነው ያልከፈለው? ደረሰኙ ኪሴ ውስጥ ነው። ልጄ ከሚሆን ሰው እንዲህ አይነት ቃል አልጠብቅም። ገንዘብ ያዥ ይናገር!

ገንዘብ ያዥ፦ ከፍሏል። ሰኔ ላይ፣ ከሁሉም ቀድሞ።

ሰብሳቢ፦ ሁለታችሁም ተዉ። ሐሙስ ደርሷል።

የፖሊ መስመር ሾፌር፦ ጋሼ፣ ይቅርታ። ከጠዋት ጀምሮ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ፣ ተናድጄ ነው።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ ይሁን። ስሙ ግን ይቀየር።

ጸሐፊ፦ የቦታውን ሥዕል «እኔ እሠራለሁ» ያለው አባል የት ገባ? ሦስት ቀን ደወልኩ፣ አያነሳም። ያለ ሥዕል አይቀበሉንም።

ባለ ሚኒባስ፦ መስክ ወጥቷል አሉ።

አንጋፋ ሾፌር፦ ልጆች፣ ስለ ቃሉ ስትከራከሩ እኔ ስለ ዕቃው እያሰብኩ ነው። ባለፈው ሳምንት የክላች ኬብል ፍለጋ አራት ሱቅ ዞርኩ። ባጃጄ ግማሽ ቀን ቆመች። የፊት ጎማዬም አልቋል፣ ሽቦው ወጥቷል። ዕቃ በጋራ ብናስመጣ በግማሽ ዋጋ ባይሆን እንኳ ይቀንስልናል። እዚያው ፌርማታው ጥግ አንዲት ክፍል ብትኖረን ምን ነበረበት?

የፖሊ መስመር ሾፌር፦ እውነት ነው! ለዚህ 500 ብር አይደለም፣ 1000 ብር አወጣለሁ።

ባለ ሚኒባስ፦ የፍሬን ሸራና ዘይትም ይጨመር።

ገንዘብ ያዥ፦ ለሱቅ ከሆነ አባላት በቶሎ ይከፍላሉ። ለፌርማታ ስጠይቅ ስልክ የሚዘጋብኝ አለ።

ሰብሳቢ፦ የጠየቅነው ፌርማታ ነው። ሱቁ ከገባ ገቢ ያለው ነው ብለው ኪራይ ቢያስከፍሉንስ?

አንጋፋ ሾፌር፦ ይክፈል። ጎማ ከሌለ ፌርማታው ላይ ማን ይቆማል?

ካይሮ የሠራው አባል፦ ሁለተኛው ቦታስ?

ጸሐፊ፦ አስተካክዬ ለጥፌያለሁ። ርዕሱ «የማኅበሩ መለዋወጫ ሱቅና ፌርማታ» ሆኗል። ሱቁ ገጽ አንድ ላይ ነው።

የዘንዘልማ ተወካይ፦ አሁን ቃሉ ቦታውን አግኝቷል። እስማማለሁ።

ጸሐፊ፦ ጣሪያውና ወንበሩ ገጽ ሁለት መጨረሻ ላይ አሉ፣ ማንም እንዳያወጣቸው። ሥዕል አሁንም የለንም። እስከ ረቡዕ ማታ በእጁ እንኳ የሚሥል ሰው ካለ ይደውልልኝ።