ኮምቦልቻ መጫወቻ ቦታ ነን፣ የልጄ ዓይን ቀልቷል፣ መብራትም ጠፋ! ምን ላድርግ?

እሙ ሐያት፦
ሰላም ጀማው፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ልጆቹን ይዤ ከደሴ ኮምቦልቻ ወርደናል፣ ያ ገንዳና ሸርተቴ ያለው መጫወቻ ቦታ። ከጠዋት ጀምረው ሲዋኙ ቆይተው ወንዱ ልጄ ዓይኔ ተቃጠለ ብሎ ያለቅሳል። ሁለቱም ዓይኑ ቀልቷል። የውሃው ሽታ በጣም ይሰነፍጣል፣ ክሎሪን አብዝተውበት ነው። አሁን ደግሞ መብራት ጠፋ። ሸርተቴው ላይ የሚወርደው ውሃ ቆሟል፣ ልጆቹ ግን አሁንም እየወጡ ይንሸራተታሉ፣ ከልካይ የለም። ዓይኑን ምን ላድርግለት? ብራችንንስ ይመልሱልናል?

ሰኞ ገበያ፦
አብሽሪ እህቴ። በንጹህ ውሃ እጠቢው።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
የትኛው ቦታ ነው? መብራቱ እኛም ሰፈር ጠፍቷል። ጄኔሬተር የላቸውም እንዴ?

ነርሷ፦
እህቴ ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ለማንኛውም ከገንዳው አርቂው። ዓይኑን እንዳያሸው እጁን ያዢለት። የታሸገ ውሃ ግዢ፣ ራሱን ወደ ጎን ያዘንብል፣ ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጪ ቀስ እያልሽ አፍሺለት። አንዴ ረጨት አድርጎ መተው አይበቃም፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፣ ያለቅስም ግድ የለም። በመሀል ዓይኑን እያርገበገበ። ቅርብ ፋርማሲ ካለ ሳላይን፣ ማለትም ንጹህ የጨው ውሃ፣ ቢገኝ ደግሞ ጥሩ ነው።

ሐረጎ፦
ስለ ሸርተቴው ማንም አላነሳም እኮ! እሙ፣ ልጆቹን አሁኑኑ አስወርጃቸው። ሸርተቴ ላይ ሰውን የሚያወርደው ውሃው ነው። ሲደርቅ ቆዳ ይልጣል፣ ልጁም መሀል ላይ ይቆምና ከላይ የመጣው ይጋጨዋል። በአየር የሚነፋ ቤት ካለም ውስጡ ያሉት ልጆች ይውጡ፣ የራስሽም ባይሆኑ። አየር የሚሞላው ማሽን በመብራት ነው የሚሠራው፣ ሲቆም ቤቱ ቀስ እያለ ሕጻናቱ ላይ ይተኛባቸዋል። ሠራተኛ አጠገብሽ ከሌለ በሩ ላይ ትኬት የሚቆርጠውን ጥሪው።

ጦሳ ማዶ፦
እኛ ደሴ ጉም ውስጥ ጋቢ ተከናንበን ነው የምናነብሽ። ስትመለሺ ያንን ፀሐይ ትንሽ ቋጥረሽልን ነይ 😂 ለልጁ አፊያ ይስጠው።

የዘቢባ እናት፦
ወተት ጠብ አድርጊበት፣ ያበርደዋል። ካልሆነ ቲቲሲ ቀቢው፣ እኛ ቤት አይጠፋም።

ነርሷ፦
እትዬ ይቅርታ፣ ሁለቱም ይቅሩ። ወተት ለባክቴሪያ ምግብ ነው፣ የተቆጣ ዓይን ውስጥ አይገባም። ቲቲሲ ደግሞ ለኢንፌክሽን የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። ይሄ ከገንዳው ውሃ የመጣ መቆጣት ነው፣ ቅባቱ አያጥበውም። ውሃ ብቻ።

ሰኞ ገበያ፦
አልኩ እኮ፣ በንጹህ ውሃ እጠቢው።

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር፦
ልጄ፣ ስለ ክሎሪኑ ያልሽውን ላርመው፣ ብዙ ሰው እንዲሁ ያስባል። ገንዳ ሲሰነፍጥ ክሎሪን በዛ ማለት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ አነሰ ማለት ነው። ክሎሪን ከላብ፣ ከሽንትና ከቅባት ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የሚባል ነገር ይፈጠራል። የሚሸተውና ዓይን የሚያቃጥለው እሱ ነው። በአግባቡ የተያዘ ገንዳ ያን ያህል አይሸትም። ነጻው ክሎሪን፣ ማለትም ገና ከቆሻሻ ጋር ያልተዋሐደው፣ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም ቢሆን፣ የውሃውን አሲድነት የሚለካው ፒኤቹም ከ7.2 እስከ 7.8 ባለው ውስጥ ቢሆን ይመረጣል። ሁለቱም በቀላል መለኪያ ወረቀት ይታወቃሉ፣ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ኮምቦልቻ ደግሞ ፀሐዩ ብርቱ ነው። መከላከያ ያልተጨመረበት ክሎሪን በፀሐይ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ጠዋት ጨምሮ እስከ ማታ መተው አይሠራም። ሕዝቡም ሳይታጠብ ከሜዳ ኳስ ወደ ገንዳ ይገባል። ሳሙና ይዞ ገላውን ለቅለቅ ብሎ የሚገባ ሰው ቢበዛ ግማሹ ችግር ይቀንስ ነበር።

የኮምቦልቻ ልጅ፦
ቲቸር አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ሠራተኛው ልጆች ውስጡ እያሉ በረኪና በባልዲ ሲደፋ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ እንዴት አነሰ ይባላል?

ጡረተኛው የኬሚስትሪ መምህር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው። ገንዳው በጠቅላላ አንሶት በባልዲ የተደፋበት ጥግ ላይ ግን ሊበዛ ይችላል። እዚያ ጥግ የነበረ ልጅ ዓይኑም ቆዳውም ይጎዳል። ክሎሪን ሰው በሌለበት ተጨምሮ፣ ፓምፑ አዙሮት፣ ተለክቶ ነው ሰው የሚገባው። እሙ ሐያት፣ ልጁ የነበረበት ቦታ አጠገብ ሲደፉ አይተሽ እንደሆነ ለሐኪም መንገር አለብሽ።

እሙ ሐያት፦
አላህ ይስጥልኝ። አጠብኩት። ማልቀሱ ቀንሷል፣ ግን ብርሃን ማየት እምቢ አለ፣ ፊቱን ቀሚሴ ውስጥ ቀብሯል። ሰባት ዓመቱ ነው። ሲደፉ አላየሁም። ሌሎቹን ከሸርተቴው አውርጃቸዋለሁ፣ ተቆጥተውኛል። ኃላፊው መብራት ሲመጣ ትዋኛላችሁ፣ ብር አይመለስም ይላል።

ነርሷ፦
እንደገና ለ15 ደቂቃ እጠቢው። ከዚያም በኋላ ብርሃን ካስቸገረው፣ እይታው ከደበዘዘ ወይም ሕመሙ ካልቆመ ዛሬውኑ ይታይ፣ አታሳድሪው። ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ግቡ። ደሴ ከደረሳችሁ ደግሞ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። መብራት ቢመጣም ዛሬ ወደ ገንዳው አይመለስ።

ሐረጎ፦
መብራት መጣ ተብሎ ወዲያው መግባትማ ለማንም አይሆንም። ፓምፑ ሲቆም ማጣሪያውም ቆሟል። ውሃው እስኪዞርና እስኪጠራ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል። የገንዳው ወለል ይታይሻል? ካልታየ የሰመጠ ልጅም አይታይም።

አራዳ፦
ብሩን በጭቅጭቅ አታገኚውም። ተረጋግተሽ ትኬቱን አሳይና «ሌላ ቀን በዚሁ እንድንገባ ፈርሙበት» በይው። ጥሬ ብር ከመመለስ ይልቅ ይሄን በቀላሉ እሺ ይላሉ። ትኬቱን ፎቶ አንሺው።

ጦሳ ማዶ፦
እኔማ ገንዳ ለምን አስፈለገ ነው የምለው። የቦርከና ወንዝ እያለ! ካልሆነ ሐይቅ ውሰጃቸው፣ በነጻ የሚዋኝ ሞልቷል።

ነርሷ፦
ጦሳ ማዶ ወንድሜ፣ ልጆች ያሉት ሰው ይሄን አይቶ እንዳይሄድ! የቦርከና ውሃ በተለይ ወደ ኬሚሴ በኩል ለቢልሃርዚያ የታወቀ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው፣ መጠጣት እንኳ አያስፈልገውም። እግር ማስገባት ይበቃዋል። ታክሞ የሚድን በሽታ ነው፣ ግን ሳይታወቅ ብዙ ይቆያል፣ ጉበትም ይጎዳል። ክሎሪን ያለበት፣ በደንብ የተያዘ ገንዳ ከዚህ ይሻላል። ለዚህ ነው ገንዳው በሥርዓት ይያዝ ብለን የምንጮኸው።

የዘቢባ እናት፦
ወተቱን ትቼዋለሁ፣ ነርሷ እናመሰግናለን። እሙ፣ ስትመለሱ ልጆቹን ፀጉራቸውን አድርቀሽ ሹራብ አልብሻቸው። ኮምቦልቻ ሞቀን ብለው በቲሸርት ሚኒባስ ገብተው የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ነው ብርዱ የሚመታቸው።

ሐረጎ፦
እውነት ነው። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ ደሴ ወደ 2,500። 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ቢያንስ አራት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እርጥብ ልብስ ለብሶ ለተቀመጠ ልጅ ብዙ ነው። ዳገቱ ላይ ጉም ካለ ሹፌሩን ቀስ በል በዪው።

ሰኞ ገበያ፦
እሙ ሐያት እንዴት ሆነ ልጁ?

ነርሷ፦
እኔም እየጠበቅኩ ነው። ስልኳ ዘግቶ ይሆናል፣ መብራት የለም ብላለች። ያያችኋት ካላችሁ ንገሩኝ።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ጽሑፉን አሁን ነው ያየሁት። እኔም እሁድ ልጆች ይዤ ልወርድ ነበር። ትንሿ ልጄ በዚህ ሳምንት ተቅማጥ ይዟት ነበር፣ አሁን ድናለች። መግባት ትችላለች? ገንዳው ጥሩ መሆኑንስ በምን አውቃለሁ?

ነርሷ፦
ትንሿ በዚህ ዙር ገንዳ ይቅርባት፣ ዥዋዥዌውና ባቡሩ ይበቃታል። ተቅማጥ የሚያመጡ አንዳንድ ተሐዋስያን ክሎሪን ውስጥ እንኳ ከሳምንት በላይ ይቆያሉ፣ ለሌላ ሰው ልጅ ታስተላልፋለች። በሐኪም ቋንቋ ክሪፕቶ የሚባለው ከሆነ ከዳነች በኋላ ሁለት ሳምንት መቆየት አለባት።

ሐረጎ፦
ገንዳውን በተመለከተ ትኬት ከመቁረጥህ በፊት ግባና እይ፣ ይከለክሉሃል ብዬ አላስብም። የጥልቁን ወለል ከላይ ቆመህ ማየት አለብህ። ጎኑን በእጅህ ስትነካው የሚያዳልጥ ከሆነ አልታጠበም ማለት ነው። ክሎሪኑን ዛሬ ስንት ሰዓት ለካችሁ ብለህ ጠይቃቸው፣ የሚለካ ሰው መልሱን ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉም ጠይቅ። የዋና መነጽር ደግሞ ከደሴ ገዝተህ ውረድ።