ሻጩ ባለ 8 ይሉታል፣ የሻንሲ ቁጥሩ ባለ 6፤ ይህን ማስታንግ ልግዛው?

ጤና ይስጥልኝ። የድሮ አሜሪካ መኪና የምታውቁ ሁሉ ምክራችሁን እሻለሁ። እዚሁ ቨርጂኒያ ውስጥ ጣሪያው ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራ ፎርድ ማስታንግ ለሽያጭ ቀርቧል። ቀለሙ ያበራል፣ ወንበሮቹ አልተቀደዱም። ባለቤቱ «ባለ 8 ሲሊንደር ነው፣ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ይላሉ፤ ዋጋውንም የጠሩት በዚያው ልክ ነው።

የሻንሲ ቁጥሩ ግን ሌላ ይናገራል። የሚጀምረው 6፣ አር፣ 08፣ ቲ ብሎ ነው። 6 ዘመኑን፣ «አር» በሳን ሆዜ መገጣጠሙን፣ 08 ተከፋች ጣሪያ መሆኑን ያሳያሉ፤ እስከዚህ ሰላም ነው። «ቲ» ግን የ200 ኪዩቢክ ኢንች ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ምልክት ናት! አሁን የተገጠመው ደግሞ ባለ 8ቱ፣ የ289 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ነው። ቸርኬዎቹም በ4 ብሎን የታሰሩ ናቸው፤ የባለ 8ቱ 5 ነበር። ታዲያ ሞተሩ ሲቀየር ፍሬኑና የኋላ አክስሉ እንደነበሩ ቀርተዋል ማለት ነው? ሻጩን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ።

ዝገቱም ያሳስበኛል። ከፊት መስታወቱ ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ሲበሰብስ ውኃ ወደ ወለሉ ያወርዳል፤ ተከፋች መኪና ደግሞ ጥንካሬው ያለው ከበሮቹ ሥር ነው። ምንጣፉ አዲስ መሆኑ አላማረኝም። አካሉ በዝገት መድከሙን ለማወቅ በክሪክ አንስቼ የበሮቹ ክፍተት ይለወጥ እንደሆነ እንዳይም አልፈቀዱልኝም።

ፍሬኑንና አክስሉን ወደ ባለ 5 ብሎን ያስቀየረ ሰው ካለ ምን ያህል አወጣ? ዝገቱንስ መኪናውን ሳላነሳ በምን ላጣራ? ሻጩ እስከ ቅዳሜ ቁርጡን ንገረኝ ብለዋል።