ፓይተን፦ ድምሬ ለምን 100 ይጎድለዋል?
ሰላም ለሁላችሁ። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ መማር ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ አንድ መልመጃ ላይ ቆሜ ቀርቻለሁ። ከ1 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ደምሩ ይላል። በወረቀት ሳሰላው 5050 ነው፤ 100 በ101 ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል። የእኔ ኮድ ግን 4950 ያወጣል። ፎር ሉፑ (ሥራውን የሚደጋግመው የኮዱ ክፍል) ላይ ለሬንጅ (ቁጥሮቹን በተራ ለሚያቀርበው ትእዛዝ) መነሻና መጨረሻ ብዬ 1 እና 100 ሰጥቼዋለሁ። ድምሩን ከሉፑ በፊት ዜሮ አድርጌዋለሁ። ኤረር (የስህተት መልእክት) እንኳን አላሳየኝም፤ የባሰ ግራ ያጋባኝ እሱ ነው። በ5 ስሞክረው ደግሞ 15 መሆን ሲገባው 10 አለኝ። መጨረሻውን 101 ሳደርገው ልክ መጣ። ግን ለምን? እስከ 100 ሂድ እያልኩት 99 ላይ ለምን ይቆማል? ሳይገባኝ ወደሚቀጥለው መልመጃ ማለፍ አልፈልግም። እባካችሁ፣ የምታውቁ በቀላሉ አስረዱኝ።