ለንደን–ኒውዮርክ፦ መሄጃው 3 ሰዓት፣ መመለሻው 12 ሰዓት?

መንገደኛው፦
ትኬት ቆርጬ ወረቀቱን ሳነበው ግራ ገባኝ። መሄጃው ከለንደን 11:00 ተነሥቶ ኒውዮርክ 14:00 ይደርሳል። መመለሻው 19:00 ተነሥቶ በማግስቱ 07:00 ለንደን ይገባል። ርቀቱ 5,550 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብዬ ሳካፍለው 6 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ይመጣል። ታዲያ የትኛውን ልመን? የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ ስትበር ከተማዋ ራሷ ትመጣልሃለች» ብሎኛል።

ጡረተኛው መምህር፦
ባልደረባዎን በማክበር፣ ተሳስተዋል። ምድር ስትዞር አየሩንም ይዛው ነው። ጂኦግራፊ ሳስተምር ይህን የሚጠይቅ ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም ነበር፤ «ዝለል» እለዋለሁ፣ ዘሎ እዚያው ቦታው ላይ ያርፋል፣ ክፍሉ ይስቃል።

ትኬት ላይ የሚታተመው የየከተማው ሰዓት ነው። ኒውዮርክ ከለንደን 5 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ስለዚህ በመሄጃዎ ላይ 5 ይደምሩ፣ ከመመለሻዎ 5 ይቀንሱ፤ 8 ሰዓትና 7 ሰዓት ያገኛሉ።

የቀረችው የአንድ ሰዓት ልዩነት የነፋስ ሥራ ናት፤ እኔም የምወዳት እሷን ነው። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚባል የነፋስ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነጉዳል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው እንበል። ከኋላ ሲገፋ የእርስዎ 900 ወደ 1,000 ከፍ ይልና ጉዞው 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል፤ ከፊት ሲመጣ 800 ይቀርና ወደ 7 ሰዓት ይጠጋል። በሰሜኑ የብርድ ወራት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ)፣ የዋልታውና የሞቃቱ ቀበቶ የሙቀት ልዩነት ሲሰፋ፣ ጅረቱ ይበረታል። በፌብሩዋሪ 2020 እ.ኤ.አ. አንድ ቦይንግ 747 ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ከድምፅ ፈጠነ ማለት ግን አይደለም፤ በዙሪያው ካለው አየር አንጻር ፍጥነቱ የወትሮው ነበር።

የበረራ መርሐ ግብር ሠራተኛ፦
መምህር ያስቀሩትን ልሙላ። ትኬቱ የሚቆጥረው ከመሳፈሪያው በር እስከ መውረጃው በር ነው። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲንከባለል፣ ተራ ሲጠብቅ፣ ሲወጣና ሲወርድ የሚያልፈው ጊዜ ሁሉ አለበት። ለመዘግየትም ጥቂት ደቂቃ እንጨምራለን፤ «ቀድመን ደረስን» ሲባል የምታጨበጭቡት ለእሷ ነው።

መንገደኛው፦
ገባኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ካርታው ላይ መስመሩ ወደ ሰሜን የሚጎብጠው ለምንድን ነው? ቀጥ ብሎ ቢሄድ አያጥርም?

ጡረተኛው መምህር፦
ጎባጣው ካርታው ነው። ክብ ምድርን ወረቀት ላይ ሲዘረጉ ሰሜኑ ይለጠጣል። ሉል ፈልገው በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥረው ይመልከቱ። አብራሪዎች ግን ሁልጊዜ ክሩን አይከተሉም። የሰሜን አትላንቲክ መስመሮች በየዕለቱ እንደ ነፋሱ ይወሰናሉ፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደው ጅረቱን ይፈልጋል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ይሸሸዋል። በኪሎ ሜትር የረዘመው መንገድ በሰዓት የሚያጥርበት ቀን ብዙ ነው።

መንገደኛው፦
ክሩን በልጄ ሉል ላይ ወጠርኩት። አየርላንድን አቋርጦ፣ በካናዳ ምሥራቃዊ ጠርዝ አድርጎ ወረደ። ነገ ቢሮ ስገባ ባልደረባዬን አስዘልለዋለሁ።