ከዓረብ አገር የተመለሰች ልጅ የቀረ ደመወዟን የት ትጠይቅ? ጥቆማ ከቱሉ ዲምቱ

ባለፈው እሑድ የብሎካችን አንዲት እናት ደረጃ ላይ አስቆሙኝ። ልጃቸው ከሪያድ ከመጣች ሦስት ሳምንቷ ነው። የሰባት ወር ደመወዟ ማዳሟ ጋ ቀርቷል። «አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ 15 ሺህ ብር ከሰጡኝ አስመልስልዎታለሁ አለኝ። ልስጠው ወይ ልጄ?» አሉኝ። አይስጡት እማማ አልኳቸው። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ያወራነውን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ። ቱሉ ዲምቱ፣ ቂሊንጦ፣ ገላን፣ የትም ሂዱ፣ ይህ ጥያቄ የሌለበት ብሎክ ያለ አይመስለኝም።

የሕግ ሰው አይደለሁም። ታናሽ እህቴ በኮንትራት ሄዳ ባዶ እጇን ስትመለስ አብሬያት ቢሮ ለቢሮ የዞርኩ ሰው ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉ። በኤጀንሲ የሄደች ልጅ ጉዳይዋ ሪያድ ቀርቶ አይቀርም። እዚሁ አዲስ አበባ የሚጠየቅ አካል አላት። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ኤጀንሲውን ከአሠሪዋ ጋር በአንድነት ተጠያቂ ያደርገዋል። ኤጀንሲዎች ፈቃድ ሲያወጡ ባንክ ውስጥ የሚያስይዙት የዋስትና ገንዘብ አለ። የተያዘውም ለእንዲህ ዓይነቱ ቀን ነው። የእህቴ ኤጀንሲ «መክተቡን ጠይቂ» እያለ ከወር በላይ አመላለሰን። መክተብ የሚሉት እዚያ ያለውን ቢሮ ነው። አዋጁን ስልኬ ላይ አውርጄ አንቀጹን ሳነብላቸው ንግግራቸው ወዲያው ተለወጠ። ስለዚህ ከማንም በፊት አዋጁን ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። አዋጁ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛም አለ።

አሁን ወደ ቦታዎቹ።

ቅሬታ የሚጀመረው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ለኤጀንሲው ፈቃድ የሚሰጠው እሱ ነው፤ የሚያግደውም እሱ ነው። ኤጀንሲዎች ከፍርድ ቤት ይልቅ ይህን ይፈራሉ። ክፍያ የለውም። በቃል አትናገሩ፣ ጽፋችሁ ሂዱ። ሁለት ኮፒ ያዙ፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ይምታላችሁ። ያቺ ማኅተም ያለባት ወረቀት በኋላ ስንት ቦታ እንደጠቀመችን!

ለሴቶች ከሁሉ በፊት የምጠቁመው ግን የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ነው። አቅም ለሌላት ሴት ምክር ይሰጣሉ፣ ክስና ማመልከቻ ይጽፋሉ፣ ጥብቅናም የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ሁሉም በነፃ ነው። እህቴ ለእኔ እንኳ ያልነገረችኝን ነገር ለሴት ጠበቃ ስትናገር አይቻለሁ። ይህ ከገንዘቡ በላይ ነው። ወንድ ልጅ ከሆነ የተመለሰው ወይም ሁለተኛ ሐሳብ መስማት ከፈለጋችሁ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አለ። ለእኔ ሁለቱ እኩል አይደሉም። ልጅቷ የደረሰባት በደል ከደመወዝ ያለፈ ከሆነ ማኅበሩ ይሻላል።

የግል ጠበቃ መጨረሻ ላይ ይምጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፌዴራል ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ የማገልገል ግዴታ በሕግ ተጥሎበታል። አትፈሩ፣ «የነፃ አገልግሎት ሰዓትዎ ላይ ሊያዩልን ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ጠበቆች ጠይቀን ሦስተኛው እሺ ብሎናል። የጥብቅና ፈቃዱንም እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ነውር የለውም።

ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉት ሰዎችስ? ለተራ ማመልከቻ ይበቃሉ። ክስ ግን አታስጽፏቸው። እኛን የጻፈልን ሰው ተከሳሽ ብሎ ያስገባው ሪያድ ያለችውን ማዳም ብቻ ነበር። ኤጀንሲውን ጨርሶ ረስቶታል። ሬጅስትራር መለሰን፤ እንደገና ከፍለን አስጻፍን። ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ ብሎ ቀድሞ ብር የሚጠይቅን ሰው ደግሞ ከነጭራሹ እለፉት።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰው በደሃ ደንብ መክሰስ ይችላል። ለዚህ ከወረዳችሁ ደብዳቤ ትፈልጋላችሁ። እዚህ ላይ ዳር የምንኖር ሰዎች እንቸገራለን። ገላን፣ ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ጀምሮ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው። መታወቂያችሁ የዚያ ከሆነ ደብዳቤውን ከዚያው አውጡ። ክሱ ግን ኤጀንሲው ቢሮ ባለበት ቦታ ይቀርባል፤ ኤጀንሲው አዲስ አበባ ከሆነ አዲስ አበባ ነው። «የእኛ ነዋሪ አይደላችሁም» የሚል ካጋጠማችሁ ይህንኑ ንገሩት።

አትዘግዩ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የደመወዝ ጥያቄ በስድስት ወር ይርጋ ያግደዋል። ውጭ የሠራች ልጅ ጉዳይ በሌላ አዋጅ የሚታይ ቢሆንም እናንተ ስድስት ወሩን እንደ ቀነ ገደብ ያዙት። ልጅቷ ትረፍ፣ ትተኛ፣ ትብላ። ወረቀቱን ግን ቤተሰብ ይጀምርላት።

ወረቀት ስል የሥራ ውሉን፣ ቪዛውን፣ የኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ኮፒውን፣ ቲኬቱንና ገንዘብ የላከችበትን ደረሰኝ ነው። ገና ያልሄደች ልጅ ያለቻችሁ ይህን ዛሬውኑ አድርጉ። እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ቤተሰብ ቴሌግራም ላይ አስቀምጡ። ፓስፖርቷን ብዙ ጊዜ ማዳሟ ትይዝባታለች፤ ስልኳም ሊወሰድ ይችላል። ገንዘብም በራሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ፣ በባንክ በኩል ትላክ። በሐዋላ ጥቁር ገበያ ሲላክ ምንዛሬው ያጓጓል፣ አውቃለሁ። ግን ወረቀት አይተውም። እህቴ ደመወዟ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደቆመ ያስረዳንላት በባንክ ስቴትመንት ነው።

ልጅቷ ገና እዚያው ካለች ውክልና ትላክላችሁ። ሪያድ ኤምባሲ ወይም ጅዳ ቆንስላ ትፈርማለች። እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ካረጋገጠው በኋላ ሰነዶች ማረጋገጫ ይመዘገባል። ያለዚህ እናትም ብትሆኑ ስለ እሷ ማንም አያናግራችሁም።

ለመሄድ የተዘጋጁ ደግሞ የትኛው ወጪ በማን ላይ እንደሆነ ይወቁ። ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ቲኬት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፣ እነዚህ በአዋጁ የአሠሪው ናቸው። የእናንተ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ክትባትና እንደ ልደት ሰርተፍኬት ያሉ ወረቀቶች ናቸው። «የቪዛ ክፈይ» ያላችሁ ሰው ካለ እዚያው ቁሙ።

በደላላ፣ በየመን በኩል የሄደች ልጅስ? እሷም መብት አላት። በ2012 የወጣው አዋጅ 1178 የሚቀጣው አዘዋዋሪውን ነው። ተጎጂዋን ስለሄደችበት መንገድ አይከስም። ብዙ ቤተሰብ ልጃችን ትታሰራለች ብሎ ዝም ይላል፤ ደላላውም በሰፈር ውስጥ ሌላ ልጅ ያዘጋጃል። ፖሊስ ጋ ሂዱ።

ከሕጉ ሌላ ልጅቷ ራሷ አለች። እህቴ ከመጣች በኋላ በር ሲንኳኳ ትደነግጥ ነበር። ሌሊት ተነስታ እቃ ታጥባለች። እናቴ ጸበል ወሰደቻት፤ እኔ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ወሰድኳት። ሁለቱም አልተጋጩም። መግቢያ ለሌላት ተመላሽ አጋር ኢትዮጵያ መጠለያና የሥነ ልቦና ምክር ይሰጣል። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትም ተመላሾችን ያግዛል።

ኤርትራዊ ጎረቤቶቻችሁም ይጠይቋችኋል። የእነሱ መንገድ ሌላ ነው፤ በስደተኞችና ተመላሾች አገልግሎት በኩል ያልፋል። የ2011 የስደተኞች አዋጅ 1110 ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት ሰጥቷቸዋል። አከራይ ወይም አሠሪ «አንተ የት ትከሰኛለህ» ቢላቸው እውነት አይደለም።

እህቴ ከቀረባት ደመወዝ የአራት ወሩን ተቀብላለች። የቀረው ለግንቦት ተቀጥሯል። እማማን ማክሰኞ ጠዋት ይዣቸው እወጣለሁ፤ ቃሊቲ መነኻሪያ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር። የልጃቸውን ውል ሁለት ሁለት ኮፒ አድርገን ጨርሰናል። መሄድ የምትፈልጉ ካላችሁ አንድ ተኩል ላይ ብሎኩ በር ላይ እንገናኝ፤ ኦሪጅናሉንም ያዙ።