በማንጎ እርሻ የሰቀልነው ወጥመድ ወንድ ዝንቦችን ብቻ የሚይዘው ለምንድን ነው?

የማንጎ አምራች፦
ጤና ይስጥልኝ። አርባ ምንጭ አካባቢ በሚገኘው የማንጎ እርሻችን ሜቲል ዩጂኖል በተባለ ዝንብ የሚስብ ውህድ የተነከረ ጥጥ ያለባቸው ወጥመዶች ሰቅለን ነበር። የተያዙትን የፍራፍሬ ዝንቦች ስናያቸው ሁሉም ማለት ይቻላል ወንዶች ናቸው፤ ፍሬው ውስጥ እንቁላል የምትጥለው ግን ሴቷ ናት። ምናልባት ሽታው የሴቷን ጠረን ስለሚመስል ይሆን? ኬሚስትሪውን የምታውቁ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

የነፍሳት ጥናት ተማሪ፦
ብዙዎች እንደዚያ ይገምታሉ፤ ነገር ግን ሜቲል ዩጂኖል ከሴቷ የሚወጣ ሳይሆን በበርካታ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኝ ንጥረ ነገር ነው፤ አንዳንድ የበሶብላ ዓይነቶችም አላቸው። ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የተባለው የዚህ ዝንብ ወንድ ወደ ሽታው የሚሄደው ሊመገበው ነው። የተመገበው ነገር በሰውነቱ ውስጥ ወደ ሁለት ውህዶች ይለወጣል፦ በአንደኛው ውህድ የሞለኪውሉ ባለስድስት ካርቦን ቀለበት ላይ አንድ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይጨመራል፤ ኮኒፈሪል አልኮል የሚባለው ሌላው ደግሞ አንድ ሜቲል (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን ያሉት ክፍል) ተነሥቶለት ከቀለበቱ በተቀጠለው የጎን ሰንሰለት ጫፍ ላይ ሃይድሮክሲል ያገኛል። ሁለቱም በፊንጢጣው ውስጥ ባለ ዕጢ ተጠራቅመው ይቆዩና፣ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ወንዱ ክንፉን እያርገበገበ ወደ አየር ሲለቃቸው ሴቶችን ይስባሉ። እርስዎ የሰቀሉት እንግዲህ ወንዱ ሽቶውን የሚቀምምበት ጥሬ ዕቃ ነው።

የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ፦
ማብራሪያው ትክክል ነው፤ ሆኖም ለሁሉም የፍራፍሬ ዝንብ እንደሚሠራ ተደርጎ እንዳይወሰድ እሰጋለሁ። የሜዲትራኒያን የፍራፍሬ ዝንብ ወንዶች ለሜቲል ዩጂኖል ደንታ የላቸውም፤ እነርሱን የሚስበው ትራይመድሉር የተባለ ሰው ሠራሽ ውህድ ነው። በወይራ ፍሬ ዝንብ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1980 ማንነቱ የታወቀውን ኦሊያን የተባለ ፌሮሞን (ነፍሳት እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ጠረን) በዋናነት የምታመነጨው ሴቷ ናት፣ ይህም ሞለኪውል እንደ ቀኝና ግራ እጅ የሚተያዩ ሁለት ቅርጾች ስላሉት አንደኛው ወንዶችን ሲስብ ሌላው በሴቶቹ ላይ ይሠራል።

ወደ እርሻዎ ስመለስ፣ አንድ ጊዜ ሜቲል ዩጂኖል የጠገበ ወንድ ለወጥመዱ ያለው ፍላጎት ይቀንሳል፤ በሴቶች ዘንድ ያለው ተፈላጊነት ግን ይጨምራል። ስለዚህ የገባው ዝንብ በልቶ እንዳይወጣ ጥጡ ላይ ፀረ ተባይ መኖሩን ያረጋግጡ። ሴቷ እንቁላሏን ለማብሰል ፕሮቲን ስለሚያስፈልጋት፣ እርሷን ለመያዝ ከእርሾ የሚዘጋጅ የፕሮቲን ማታለያ ጎን ለጎን ይጠቀሙ።

የማንጎ አምራች፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጥጡን የነከርነው በሜቲል ዩጂኖል ብቻ ነበር፤ ነገ ጠዋት እናስተካክለዋለን።